የሌላ እጅ ካብ

አምስቱ ፈረሶች በተርታ አልፈው ነበር። የስድስተኛው የፊት እግር ግን እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ጋላቢዋ ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የመጣች የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ በአንገቱ ላይ ተንሸራትታ ጥቁሩ ጠጠር ላይ ዘፍ አለች። አስጎብኚው ኸይሩ ከፊት ዘሎ ወርዶ መጀመሪያ ሴትዮዋን አነሳ፤ ከዚያ የፈረሱን እግር ለማውጣት ጠጠሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ሦስት አራት ጊዜ እንደዛቀ እጁ ቀበቶ ያዘ። ቀበቶውን ሲስበው የሰው ዳሌ አጥንት አብሮት መጣ።

ኢንስፔክተር ሳጂዳ ከከሚሴ ስትደርስ ቀትር ሆኗል። የወይን እርሻው ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ጠጠር ኮረብታውን ከአናቱ እስከ ወገቡ አልብሶታል፤ ከታች የጨፋ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሏል። እያንዳንዱ የወይን ግንድ በጠጠሩ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ተቀምጧል። ከአፋር በኩል የሚመጣውን ትኩስ ነፋስ የሚከልልለት፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተካበ የራሱ ድንጋይ አለው። ሳጂዳ ከሚሴ ተወልዳ አድጋ እዚህ ኮረብታ ላይ ወጥታ አታውቅም። ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት ቦታ እሷን ምን አገናኛት?

«ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሳጅን አዲስዓለም። «ቆይቷል። የቀረው አጥንትና ቀበቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል አንድ ቦታ ተሰብሯል።»

ሳጂዳ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። አጽሙ የተጋደመው ከአንድ የወይን ግንድ ሥር ነው፤ ሥሮቹ የጎድን አጥንቶቹን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ወርደዋል። ቀና ብላ ግንዱን አየችው። ከግራና ከቀኙ ካሉት ይቀጥናል። ጎረቤቶቹ ላይ የተንጠለጠለው ዘለላ ሁሉ ጥቁር ነው፤ የዚህኛው ግን ነጭ።

«አንዱን ዘለላ ቆርጠህ በላስቲክ አስቀምጥልኝ» አለች።

«ወይኑን?»

«ወይኑን።»

የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ብፅዓት ከቤት እየሮጠች ወጣች። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባለአበባ ቀሚስ ለብሳለች። የቀበቶውን የነሐስ ዘለበት አዲስዓለም እጅ ላይ ስታይ ቆመች።

«የሱ ነው» አለች። «የሣህሌ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን እሱ አይደለም» አለች።

«ሣህሌ ማነው?» ሳጂዳ ጠየቀች።

«ባለቤቴ። ይሄን እርሻ የተከለው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ከወጣ። እሑድ ቀን ነው፤ ሰንበቴ ገበያ ፈረስ አይቼ እመለሳለሁ ብሎኝ ወጣ። ሣህሌ ፈረስ ይወዳል።»

ይወዳል ነው ያለችው፤ ይወድ ነበር አላለችም። ሳጂዳ ልብ አለችው።

«እትዬ ብፅዓት፣ ዘለበቱ የሱ ከሆነ...»

«አንድ ሰው ሰርቆት ይሆናላ! እሱ በሕይወት አለ። ሄዶ ዓመት ሳይሞላው ባቲ ታይቷል። እዚያ ኮርቻ የምትሸጥ ዙበይዳ የምትባል ሴት አለች፤ ከሷ ጋር ነው ተባለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰንበቴ ከብት ሲያይ ታየ። ባለፈው... ባለፈው ሳይሆን ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ሚሌ።» ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። «ሰው ሞቶ ይታያል እንዴ?»

ሳጂዳ ይህን ንግግር ከገዛ ቤቷ ታውቀዋለች። ባሏ ጀማለዲን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ጋላፊ ሲወርድ መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ ሞተሩ አልተበላሸ፣ በሩ አልተሰበረ፣ ጭነቱ አልተነካ። እሱ ብቻ የለም። ከዚያ ወዲህ ታየ የሚል ወሬ በዓመት አንዴም ሁለቴም ቤቷ ይገባል፤ አማቷ መሪየም በሰሙት ቁጥር አልጋውን በአዲስ አንሶላ ያነጥፋሉ።

* * *

ኸይሩ ፈረሶቹን ዛፍ ሥር አስሮ ኮርቻቸውን እያወረደ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው። 

«አካም ጂርታ?» አለችው ሳጂዳ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነህ ስትለው።

«ነጋ፣ ገለታ ረቢ» አለ ደህንነቱን ሲነግራት፤ ከዚያ ወደ አማርኛው ተመለሰ። «ወላሂ እህቴ፣ ፈረሱ አንድ ነገር ቢሆን ብዬ ነው የቆፈርኩት። አጥንት አገኛለሁ ብዬ አይደለም።»

«ሁልጊዜ እንግዶቹን የምታስጎበኘው በዚህ በኩል ነው?»

«ኧረ! በታች በኩል ነው። ከበረቱ ተነስተን በታችኛው መንገድ ዞረን፣ ከላይ ያለው ዳስ ጋ እንወጣለን። እዚያ ኤርሚያስ ወይኑን ያስቀምሳቸዋል። ሰሞኑን ያለወቅቱ የጣለው ዝናብ መንገዱን ቦረቦረው፤ ፈረስ አያሳልፍም። ምን ላድርግ? በሰባተኛው ረድፍ አቋረጥኩ።»

«ከዚህ በፊት ለምን አታቋርጥም ነበር?»

«ክልክል ነው። ጠጠሩ እዚያ ጋ ጥልቅ ነው፣ የፈረስ እግር ይሰብራል ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለህ?»

ኸይሩ ወደ ቤቱ አየ፤ አመነታ። «እትዬ ብፅዓት» አለ። «ሥራ ስጀምር እሷ ናት የነገረችኝ።»

ወደ ዳሱ ሲወጡ ሳጅን አዲስዓለም ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ሰማሽ? ሚስትየው ናት። ባሏ ሌላ ሴት አለው ብላ በቅናት ገድላው፣ ሰው እንዳይረግጥበት መንገዱን ዘጋችው።»

«ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀችው?»

«ማስመሰል ነዋ።»

«አዲስዓለም፣ ሰው ሲጠብቅ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳጅኑ የተናገረው ዘግይቶ ገባው፤ አቀረቀረ።

* * *

ዳሱ ከኮረብታው ትከሻ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ላይ አምስት እንግዶች ያልጠጧቸው አሥራ አምስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ጠማቂው ኤርሚያስ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እየደፋ ያጥባል። ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ሳጂዳ ስትቀመጥ ሳይጠይቃት ያልተጠመቀ የወይን ጭማቂ በብርጭቆ አቀረበላት።

«ይሄ ምንም የለበትም፤ ዛሬ ጠዋት የተጨመቀ ነው» አለ። «የእስላም እንግዳ ሲመጣ ብዬ ሁልጊዜ አስቀምጣለሁ።»

«ገለታ ይግባዎት። ሣህሌን ያውቁት ነበር?»

«አብረን ነው የተማርነው። ይሄ ኮረብታ ድንጋይ ብቻ በነበረ ጊዜ ‹እዚህ ወይን ይበቅላል› ሲል አገሩ ሁሉ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም።» ከጥቁሩ ወይን ጥቂት ቀድቶ ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርጎ ዘረጋላት። «አይጠጡም፤ አውቃለሁ። ያሽትቱት ብቻ።»

አሸተተች። ዝናብ የመታው ትኩስ ድንጋይ ሸተታት።

«ድንጋዩ ነው» አለ ኤርሚያስ። «እሳት ያለፈበት መሬት ወይኑን አያቀማጥለውም። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ብዙ መውረድ አለበት። ብዙ በተጠማ ቁጥር ፍሬው ይጣፍጣል።»

«ሣህሌ የጠፋ ዕለት የት ነበሩ?»

«ኮምቦልቻ። ጠርሙስ ልጭን ሄጄ። እሑድ ጫንኩ፣ እዚያው አደርኩ፣ ሰኞ ተመለስኩ። ስመለስ ብፅዓት በር ላይ ቆማ ነበር።»

«ሰባተኛው ረድፍ ላይ አንድ ነጭ ወይን አለ።»

እጁ ላይ ያለው ብርጭቆ ፎጣው ውስጥ ቆመ። «አለ፤ አይቼዋለሁ። የወፍ ሥራ ይሆናል። ወፍ ከየትም ፍሬ ታመጣለች።»

«ከሣህሌ ጋር የተጣላ ሰው ያውቃሉ?»

ኤርሚያስ ለመናገር እንደከበደው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ላይ መጠቆም አልወድም። ግን ሙሄ የሚባሉ ገበሬ አሉ፤ ታች መንደር። እነዚህን ካቦች በሙሉ የካቡት እሳቸው ናቸው። የግጦሽ መሬታቸው ወደ እርሻው ተጠቃለለ ብለው ከሣህሌ ጋር ተጣልተው ሄዱ። ሁለት ወር ሳይቆይ እሱ ጠፋ። ኋላ ባቲ አየሁት ያሉትም እሳቸው ናቸው።»

* * *

አያ ሙሄ በማግስቱ በፖሊስ መኪና መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት።  ሰባተኛው ረድፍ ጋ ሲደርሱ ቆመው ካቦቹን ዓይናቸውን እያጠበቡ ተመለከቱ።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ካላየኋቸው» አሉ። «አንዱም አልፈረሰ።»

«አያ ሙሄ፣ ከሣህሌ ጋር ተጣልተው ነበር?» ሳጂዳ ጠየቀች።

«ተጣልቼ ነበር። ሣሬን ወሰደው። ፊቱ ላይ ነው የነገርኩት፣ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ድንጋዬን ጥዬለት ሄድኩ።»

«ባቲስ ያዩት መቼ ነው?»

«ማንን?»

«ሣህሌን። ከጠፋ በኋላ ባቲ አየሁት ብለዋል።»

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። «እኔ? ልጄ፣ ያን ዓመት እግሬ ተሰብሮ ከደጄ አልወጣሁም። ይሄ ከዘራ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ባቲ ቀርቶ መስጊድ በሸክም ነበር የሚወስዱኝ። የመንደሩን ሰው ጠይቂ።»

«ለወይዘሮ ብፅዓት አልነገሩም?»

«እሷንማ ከዚያ ወዲህ አግኝቻት አላውቅም። ባሏን የተጣላሁ ሰው ምን ብዬ ደጇ እሄዳለሁ?»

ሳጅን አዲስዓለም ይዋሻሉ በሚል ዓይን ሳጂዳን አያት። ሽማግሌው ግን ሁለቱንም ትተው ወደ ጉድጓዱ እየተጠጉ ነበር። ከነጩ ወይን በላይ ያለውን ካብ በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ፊታቸው ተቆጣ።

«ካን ኮ ሚቲ» አሉ።

«ምን?» አለ አዲስዓለም።

«ይሄ የኔ አይደለም። ማን ነው የካበው?»

«እንዴት ያውቃሉ?» አለ አዲስዓለም። «ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ ነው።»

አያ ሙሄ ሳጂዳን ክንዷን ይዘው ወደ ቀጣዩ ካብ ወሰዷት። «እይ። እኔ ድንጋዩን አስተኛዋለሁ። ትልቁን ከሥር፣ ትንሹን ከላይ፣ በሆዱ አስተኝቼ። አባቴም፣ አያቴም እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ያለ እርከን ሁሉ እንዲህ ነው የተካበው።» ወደ ነጩ ወይን ካብ መለሷት። «ይሄኛው ሰውዬ ግን ያቆመዋል። ድንጋዩን በጠርዙ አቁሞ ሌላውን ያስደግፍበታል፤ እንደ መጻሕፍት። የከተማ ሰው ሥራ ነው። ለአበባ ይሆናል እንጂ ለነፋስ አይሆንም።»

ሳጂዳ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ አሥረኛው ካቦቹን ሁሉ እያየች ሄደች። ከሦስት መቶ በላይ ይሆናሉ። ድንጋዩ በጠርዙ የቆመው አንዱ ብቻ ነው።

* * *

ሰኞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ግመል የሚነዱ አፋሮችና ከደጋ እህል ጭነው የወረዱ ገበሬዎች መሐል መንገድ እየከፈለች፣ ሳጂዳ ኮርቻና ልጓም የሚሸጥበት ተራ ደረሰች። ዙበይዳ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ ልጓሞች ሥር ተቀምጣ ቆዳ ትሰፋለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት። የሣህሌን ስም ስትሰማ መርፌዋን ቆዳው ላይ ሰክታ ተወችው።

«ተገኘ?»

«ሞቶ ተገኘ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ዙበይዳ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ያዘች። «እኔ ጋ ነው ያለው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው ሴት ብቻዋን ስትነግድ ካየ የሚያወራው አያጣም።»

«አልነበረም?»

«እኔ ጋ የሚመጣው ለኮርቻ ነው። መጨረሻ የመጣ ዕለት ትንሽ የሴት ኮርቻ አዘዘኝ። ቆዳው ለስላሳ ይሁን፣ እርካቡ ይጠር፣ እሷ ቁመቷ አጭር ነው አለኝ። ‹ፈረስ ትፈራለች፤ ይሄን ካየች ግን ትወጣለች› አለ። በሳምንቱ ሰኞ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ።» መርፌዋን ከቆዳው ነቀለች። «ሦስት ዓመት ሰቅዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ አንድ የሰንበቴ ሰው ለልጁ ገዛው። ባልሸጠው ጥሩ ነበር፤ አይደል?»

«ለማን እንደሆነ ነግሮሽ ነበር?»

«ለሚስቱ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?»

መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ ሲጠማዘዝ ሳጂዳ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። ከፊት ለፊት የሚመጣውን የእያንዳንዱን ከባድ መኪና ሾፌር ፊት ታያለች። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ራሷ እንኳን ማየቷን የምታውቀው መኪናው ካለፈ በኋላ ነው።

* * *

ቤቷ ስትገባ አማቷ መሪየም የጀማለዲንን አልጋ እያነጠፉ ነበር።

«ታየ» አሏት ፊታቸው በርቶ። «ሎጊያ ሻይ ሲጠጣ።»

«ማን አየው፣ ኡሚ?»

«የነ ሙና ጎረቤት።»

«እሱ ራሱ አየው?»

«የለም፣ ለሱም ሰው ነው የነገረው።»

«ለዚያ ሰውስ ማን ነገረው?»

መሪየም አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ። ጥያቄው እንደ ስድብ ተሰማቸው። «እኔ ምን አውቃለሁ? ታየ አሉኝ፣ አልሀምዱሊላህ አልኩ። አንቺ ደግሞ ፖሊስነትሽን ቢሮ ጥለሽው ግቢ።»

ሳጂዳ ይቅርታ ጠይቃ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዘችላቸው። አልጋውን አብረው አነጠፉ። ሲጨርሱ ግን ጥያቄው ከራሷ ጋር ቀርቶ ነበር። የሷን ወሬ ብትከተለው ከሰው ወደ ሰው እየሄደ መጨረሻው ይጠፋል። የብፅዓት ወሬስ? መጨረሻው ወዴት ይደርሳል?

በማግስቱ ጠዋት እርሻው ላይ ነበረች። ብፅዓትን ደጃፍዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ሳጂዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ብፅዓት፣ ጥቂት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሙሄ ባቲ እንዳዩት የነገረሽ ማን ነው? እሳቸው ራሳቸው ናቸው?»

«አይ፤ እኛ አንነጋገርም» ብላ የነገራትን ሰው ስም ጠራች።

«ሰንበቴ ታየ ያለሽስ? ሚሌስ?»

ነገረቻት።

«በሰባተኛው ረድፍ ፈረስ እንዳይሄድ ያልሽው ከራስሽ ነው?»

«እኔ ስለ ጠጠር ምን አውቃለሁ? እሱው ራሱ ነው ያለኝ።» ብፅዓት ይህን ብላ ቀና አለች።  «ምን ልትይኝ ነው?» አለች።

«ገና አላውቅም። ማታ መጥቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ከቤት አትውጪ፤ ሰውም አታስገቢ።» ሳጂዳ ይህን ብላ ኸይሩን ከደጁ እንዳይርቅ አዘዘችው።

ከመኪናው ሆና ኮምቦልቻ ስልክ ደወለች። በዚያ ዘመን የጠርሙስ መጋዘኑን ይጠብቁ የነበሩት ሰውዬ ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን ጠንካራ ነው።

«እሑድ?» አሉ። «እመቤቴ፣ እዚያ በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት እሑድ ተከፍቶ አያውቅም። ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር።»

* * *

የኤርሚያስ ቤት ከሚሴ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሳጂዳና አዲስዓለም ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር። ግቢው ንጹሕ ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው በሽቦ ላይ የወጣ ወይን ጥላ ሠርቷል፤ ከሱ ላይ የተንጠለጠለው ዘለላ ሁሉ ነጭ ነው። ከሥሩ ጽጌረዳ የተተከለበት አንድ መደብ አለ። መደቡን የከበቡት ጥቁር ድንጋዮች በጠርዛቸው ቆመው እንደ መጻሕፍት እርስ በርስ ተደጋግፈዋል።

አዲስዓለም ድንጋዮቹን አየ፤ ከዚያ ሳጂዳን አየ። 

ኤርሚያስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳጂዳ ወደ ላይ ተንጠራርታ አንዲት ፍሬ ቆረጠች፣ ከቦርሳዋ የሰባተኛውን ረድፍ ዘለላ አውጥታ ከሱም አንዲት ፍሬ ቆረጠች። ሁለቱንም አከታትላ ቀመሰች።

«ወፏ ከዚህ ግቢ ነው ያመጣችው» አለች።

ኤርሚያስ ለመካድ አልሞከረም። «ወንበር አለ፤ ይቀመጡ» አለ።

«ባቲ ታየ ብለው የነገሯት እርስዎ ነዎት። ሰንበቴም፣ ሚሌም እርስዎ። ጠጠሩ ጥልቅ ነው ብለው መንገዱን ያዘጉትም እርስዎ። ወሬውን አያ ሙሄ ላይ የጣሉት እሷ እሳቸውን ሄዳ እንደማትጠይቅ ስለሚያውቁ ነው። እሑድ ደግሞ ኮምቦልቻ አልነበሩም።»

«ሰኞ ጠዋት ነው የሄድኩት» አለ። «ከቀበርኩት በኋላ።»

«እሑድ ምን ሆነ?»

ኤርሚያስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። «ሥራዬን ልለቅ ነበር። ወደ ሰንበቴ ከመሄዱ በፊት እርሻው ላይ አገኘሁትና እሄዳለሁ አልኩት። ለምን አለኝ። ደህና ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ሰልችቶኛል ብለው አያምነኝም። እውነቱን ነገርኩት። ብፅዓትን ካገባህበት ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ፣ እዚህ መዋል አልቻልኩም አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ‹እሷን የማይወድ ማን አለ?› ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሣህሌ ክፉ ሰው አይደለም። ቀላል ነገር መሰለው። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ የተሸከምኩትን እንደ ልጅ ነገር አየው። ገፋሁት። ካቡ ላይ በጀርባው ወደቀ።»

«ወዲያው ሞተ?»

 ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ።

«አቶ ኤርሚያስ፣ ወዲያው ሞተ ወይ?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ እስክትገባ።»

«ስልክ ይዘው ነበር?»

«ይዤ ነበር።» ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ልደውል አወጣሁት። ከዚያ... እሱ ከሌለ አልኩ። ይሄን አንድ ሐሳብ ብቻ አሰብኩ። ሐሳቤን እስክጨርስ መሸ።»

አዲስዓለም ፊቱን ወደ ግቢው በር አዞረ።

«ወይኑን ለምን ተከሉበት?» አለች ሳጂዳ።

«ስቆፍር የነበረው ግንድ ተቆረጠብኝ፤ ረድፉ ባዶ ሆነ። በእርሻው ላይ ችግኝ አልነበረም፣ ከዚህ ቆርጬ ሄድኩ። ካቡንም መልሼ ካብኩት። ሙሄ እንዴት እንደሚክብ አይቼ የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

«ታየ እያሉ ለምን አስጠበቋት?»

«ሞተ ማለት አልቻልኩም። ትቷት ሄደ ካልኳት በዓመቱ ትረሳዋለች ብዬ ነው። አልረሳችውም። ተስፋ ስትቆርጥ ደግሞ ትከሳለች፤ እህል አትቀምስም። ያኔ ታየ እላታለሁ፤ እንደገና ትበላለች።» ቀና አለ። ዓይኑ ደርቋል። «እሷ እሱን ጠበቀች፣ እኔ እሷን። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ በላን። አንድ ቀን እንኳን እንደ ወንድ አላየችኝም።»

ሳጂዳ ተነሳች። ልታዝንለት ጥቂት ነበር የቀራት፤ ግን ስለ አማቷ የአልጋ አንሶላ አሰበች።

«እሷ ምን እንደምትጠብቅ አታውቅም ነበር» አለች። «እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።» ለአዲስዓለም ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናውን አወጣ።

* * *

ለብፅዓት አመሻሹ ላይ ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም፤ እስትንፋሱን እንኳን አልደበቀችም። ብፅዓት ጠንክራ ሰማቻት፤ ኤርሚያስ የሚለውን ስም ስትሰማ አንዴ ብቻ ዓይኗን ጨፈነች። ሳጂዳ ስለ ባቲዋ ዙበይዳና ሣህሌ ስላዘዘው ትንሽ ኮርቻ ስትነግራት ግን መቋቋም አልቻለችም።

«ለኔ?» አለች። «እርካቡ ይጠር አለ?»

«ቁመቷ አጭር ነው አለ።»

ብፅዓት መሬት ላይ ተቀመጠች። የአሥራ አንድ ዓመት ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ታች መንደር ድረስ ተሰማ፤ መጀመሪያ በከዘራቸው እየተደገፉ ኮረብታውን የወጡት አያ ሙሄ ነበሩ።

አጽሙ ደሴ ተመርምሮ ሲመለስ ሣህሌ ከሚሴ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ድንኳኑ ከተማው ውስጥ ተተከለ። የክርስቲያኑም የእስላሙም ሰው መጣ፤ ኸይሩ ውሃ ያቀርባል፣ አያ ሙሄ ከወንዶቹ መሐል አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ብፅዓት ጥቁር ለብሳለች። በዚያ ልብስ ያያት ሰው አልነበረም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልበሺ ሲሏት ማን ሞተና እያለች ኖራለች።

ሳጂዳ የደንብ ልብሷን አውልቃ፣ ነጠላ ደርባ መጣች። ብፅዓት አጠገቧ ቦታ ሰጠቻት። 

«ተቆጥቼው ነበር» አለች ብፅዓት በቀስታ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ጠዋት ስነሳ እሰድበዋለሁ፣ ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ እየሰደብኩት እተኛለሁ። ሲመጣ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነበር። አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?»

ሳጂዳ አብሽሪ፣ አይዞሽ ልትላት ፈለገች፤ ሰው ሁሉ ለሷ የሚላት ይህንኑ ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እኔም እቆጣዋለሁ» አለች። ይህን ለአማቷም፣ ለእህቷም፣ ለማንም ተናግራው አታውቅም። «በየቀኑ። ለምን ከመኪናው ወረድክ እለዋለሁ።»

ብፅዓት ዞራ አየቻት። «ስንት ዓመት ሆነው?»

«አምስት።»

«ይምጣልሽ አልልሽም» አለች ብፅዓት፤ እጇን ያዘቻት። «ቁርጡን ያሰማሽ ነው የምልሽ።»

በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የመረቃት ሰው አልነበረም። ሳጂዳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ «አሚን» አለች። ከድንኳኑ በር አዲስ ለቅሶ ደራሾች እየገቡ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።